ለትንሽ የእንጨት ጀልባ የቱ ይሻላል? ሚስማር፣ ቪቴ፣ መዳብ ወይስ ኮላ?

ጣና_ዳር

ሰላም ለዚህ ቤት። ባህር ዳር ነው የምኖረው። ሙያዬ አናጢነት አይደለም፤ ቅዳሜና እሁድ እንጨት መነካካት ግን እወዳለሁ። ካቻምና 3 ሜትር ከ60 የምትረዝም፣ ሆዷ ጠፍጣፋ የሆነ ጀልባ ሠራሁ። ሁለት ሰውና አንድ የዓሣ ባልዲ ትይዛለች። ጎኗ የባህር ዛፍ ጣውላ ነው። የውስጥ አጥንቷ ሞራሌ። ማያያዣው ከሰፈር ሱቅ የገዛሁት ተራ ሚስማር። ጫፉ ወደ ውስጥ ሲወጣ በመዶሻ አጠፍኩት። ክፍተቱን በሬንጅ ደፈንኩ።

የመጀመሪያው ወር ሠርግና ምላሽ ነበር። በሦስተኛው ወር ከእያንዳንዱ ሚስማር ሥር ጥቁር እንባ መውረድ ጀመረ። ክረምቱ ሲያልፍ ውሃ ማስገባት ጀመረች። ዘንድሮ ዓሣ ሳይሆን ውሃ ስቀዳ ነው የምውለው። ባለቤቴ "ጀልባ ነው የሠራኸው ወይስ ወንፊት?" ትለኛለች።

ባለፈው ሳምንት አንዱን ጣውላ ፈነቀልኩት። ሚስማሩ መሃል ለመሃል ቀጥኖ መርፌ አክሏል። ዙሪያው ያለው እንጨት ጠቁሮ በጥፍር ይፋቃል። ሦስት ቦታ ላይ ደግሞ ጣውላው ከሚስማሩ ተነስቶ እስከ ጫፉ ተሰንጥቋል።

ሁለተኛዋን ልጀምር ነው። በምን ላያይዛት? የመዳብ ሚስማር የሚባል ነገር እንዳለ አንብቤያለሁ። እዚህ ግን ስጠይቅ ባለሱቁ እንደ እብድ ነው ያየኝ።

ጋሽ_መላጊያ

ልጄ፣ ጥፋቱን ሁሉ በሚስማሩ አታላክክ። ሀዋሳ ሐይቅ ዳር የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ስጠግን 30 ዓመት አልፎኛል። ባህር ዛፍ እርጥብ ሆኖ ሲመታ እሺ ይላል። ሲደርቅ ነው ጠባዩ የሚወጣው። ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል። አንተ ሳታደርቀው እንደሠራኸው ከአሰነጣጠቁ ያስታውቃል።

ጥቁር እንባ ያልከው ቀለም ነው። በባህር ዛፍ ውስጥ ታኒን የሚሉት ነገር አለ፤ ቆዳ የሚለፋበት ዓይነት። ብረትና ውሃ ሲያገኝ ይጠቁራል። ፈረንጆች ድሮ የሚጽፉበትን ቀለም የሚያወጡት በዚሁ ዘዴ ነበር። የእኛ ደብተራዎች ግን ከጥላሸት ነው የሚበጠብጡት፤ እሱ ሌላ ጨዋታ ነው።

በሚስማር ከቀጠልክ እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ ብሳ። ቀዳዳው ከሚስማሩ ትንሽ ይጥበብ። ጠርዝ አጠገብ ስትመታ የሚስማሩን ጫፍ በመዶሻ ቀጥቅጠህ አደንዝዘው። ሹል ጫፍ እንጨቱን እንደ ሽብልቅ ይፈለቅቃል። የደነዘው ቃጫውን እየበጠሰ ይገባል። በአንድ መስመርም አትደርድር፤ አንዱን ከፍ፣ አንዱን ዝቅ። ስታጥፈው ደግሞ በእንጨቱ ቃጫ አቅጣጫ አይተኛ። ቃጫውን አቋርጦ ነው መተኛት ያለበት።

ሌላው፣ ዚንክ የተነከረ ሚስማር ፈልግ። የሚያብረቀርቀውን አይደለም፤ እሱ ስስ ቅብ ነው፣ መዶሻ ሲነካው ይላጣል። ደብዘዝ ያለው፣ ግራጫውና ሸካራው ነው በቀለጠ ዚንክ የተነከረው። የጣና ውሃ ጨው የለውም። ጨው ለሌለው ውሃ ይበቃል።

ሶፋ_ሠሪው

እኔ በቪቴ ነው የምለው። ሚስማር ይነቀላል፤ ቪቴ ይጠብቃል። ሰው ለምን ራሱን ያደክማል?

ጋሽ_መላጊያ

የትኛውን ቪቴ? ጥቁሩን የጂፕሰም ቪቴ ከሆነ ልጁን ውሃ ውስጥ ልትከተው ነው። እሱ ጣሪያ ላይ ጂፕሰም ለመያዝ የተሠራ ነው። ሲታጠፍ እንደ ክብሪት እንጨት ይሰበራል። ውሃ ሲነካው ደግሞ በሳምንቱ ቀይ ይሆናል። ሰው ሁሉ ርካሽ ስለሆነ ለሁሉ ነገር ይሰካዋል።

ሶፋ_ሠሪው

ጋሼ ተረታሁ። ሶፋ ውስጥ ስለሚደበቅ አይቼው አላውቅም 😄

የሲያትሏ

ጋሼ የጻፉት አንጀቴን አራሰው። እኔ ሲያትል ነው ያለሁት። ዩኒየን ሐይቅ ዳር የእንጨት ጀልባ አሠራር ማታ ማታ ተምሬ አንዲት ባለ 3 ሜትር ተኩል ጀልባ ከሌሎች ጋር ሆኜ ጨርሻለሁ። ስለ መዳቡ ልንገርህ፤ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሠኝ።

መዳቡ ለብቻው ብዙም አይጠቅምህም። ከጣውላው አነባበር ጋር ነው የሚሄደው። ጣውላዎቹ ጠርዝ ለጠርዝ አይገጥሙም። የላይኛው የታችኛውን 2 ሳንቲ ያህል ይደርባል፣ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ። በተደረበው ላይ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ እየተራራቀ ሪቬት፣ ማለትም ሁለቱም ጫፉ ራስ እንዲያወጣ የሚቀጠቀጥ ሚስማር፣ ይገባል። የስካንዲኔቪያ ሰዎች ከሺህ ዓመት በላይ ሲሠሩበት ኖረዋል፤ እነሱ ድሮ ሪቬቱን ከብረት ነበር የሚያበጁት። ዩኔስኮ በ2021 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ይህን ሙያ ከማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ሁለቱን ጣውላ አንድ ላይ ጨብጠህ ትበሳለህ። የመዳቡን ሚስማር ከውጭ ወደ ውስጥ ትመታለህ። አንድ ሰው ከውጭ በኩል ሚስማሩ ራስ ላይ ከባድ ብረት ደግፎ ይይዛል። ከውስጥ የወጣው ጫፍ ላይ ደግሞ ትንሽ የመዳብ ሮንዴላ ታጠልቃለህ። ይህቺ ሮንዴላ ጠፍጣፋ አይደለችም፤ እንደ ትንሽ ቆብ ጎበጥ ያለች ናት። ቀዳዳዋ ከሚስማሩ ይጠባል። ባዶ ቱቦ በመሰለ ብረት እየመታህ እስከ እንጨቱ ታወርዳታለህ። ከዚያ የተረፈውን ጫፍ በፒንሳ ትቆርጣለህ። የምታስቀረው የሚስማሩን ውፍረት አንድ ጊዜ ወይም አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ነው። ያቺን ጫፍ ክብ ራስ ባላት ቀላል መዶሻ ቶክ ቶክ እያደረግህ እንደ እንጉዳይ ታሳብጣታለህ።

እዚህ ላይ ነው ወንዶቹ ሁሉ የሚሳሳቱት። በኃይል ይመታሉ! በኃይል ስትመታው ሚስማሩ እንጨቱ ውስጥ ይጣመማል። ላዩ ያማረ ይመስላል፤ ውስጡ ግን እንደ ተኛ እባብ ሆኖ ይቀራል። ውሃ ገብቶ እንጨቱ ሲያብጥ ይላላል። ብዙ ምት፣ ትንሽ ኃይል ነው ዘዴው። አስተማሪያችን በሦስት ምት የጨረሰ ተማሪ ካየ ሪቬቱን ነቅሎ እንደገና ያስመታው ነበር።

ለምንድን ነው የምወደው? ጀልባዋ ውሃ ስትጠጣ እንጨቱ ያብጣል፤ ሮንዴላዋ ደግሞ ከውስጥ ስለያዘችው መገጣጠሚያው ይብስ ይጠብቃል። ከ10 ዓመት በኋላ አንዱ ከላላ በመዶሻ ትነካካዋለህ። ከተበላሸም ጫፉን ሞርደህ አውጥተህ ሌላ ታስገባለህ። ኮላ እንዲህ ያለ ዕድል አይሰጥህም።

ጣና_ዳር

እህቴ እጅሽ ይባረክ። ግን ያው ችግሬ እንዳለ ነው፤ መዳብ ሚስማር ከየት ላምጣ? አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ "ሽቦ ከሆነ አለኝ" አለኝ። ይሠራል ወይ?

ኤሌክትሪሻኑ

በደንብ ይሠራል። ግን ባለ ብዙ ፍሬ ኬብል እንዳትገዛ። ባለ አንድ ፍሬ፣ ወፍራም የሆነውን ጠይቅ። 6 ካሬ የሚባለው ሲላጥ ውፍረቱ 2.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 4 ካሬው 2.3 ሚሊ ይሆናል። ለአንተ ጀልባ 6ቱ ይሻላል ባይ ነኝ፤ የጀልባ ሰዎች ይፍረዱ። ንጹሕ መዳብ መሆኑንም አረጋግጥ። አንዳንዱ ላዩ መዳብ ውስጡ አሉሚኒየም ነው። ቆርጠህ ጫፉን እየው፤ መሃሉ ነጭ ከሆነ መልስለት።

የሲያትሏ

6ቱ ትክክል ነው። ጣውላህ 12 ሚሊ ከሆነ ሁለቱ ሲደረቡ 24 ይሆናሉ። ሽቦውን ከ35 እስከ 40 ሚሊ አድርገህ ቁረጥ፤ ትርፉ በኋላ ይቆረጣል። ራሱን ለመሥራት አንድ ወፍራም ላሜራ ላይ 3 ሚሊ ቀዳዳ ብሳ። ሽቦውን አስገብተህ ከሥር ሞርሳ ያዘው። ከላይ የቀረውን 4 ሚሊ ቀጥቅጠህ ጠፍጣፋ ራስ አውጣለት።

ሽቦው ስትቀጠቅጠው እየደረቀ ከመጣ በእሳት አቅላውና ውሃ ውስጥ ንከረው። አትሳቅ! ብረት ቀልቶ ውሃ ሲገባ ይጠነክራል። መዳብ ግን ይለሰልሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው አላመንኩም ነበር።

ሮንዴላውን ከ1 ሚሊ የመዳብ ላሜራ ቁረጠው፤ ስፋቱ 10 ሚሊ ያህል ይሁን፣ ቀዳዳው 2 ሚሊ ተኩል። እንጨት ላይ ትንሽ ጉድጓድ ፈልፍለህ በክብ ራስ መዶሻ አንድ ጊዜ ብትመታው ቆብ ይሆንልሃል። ጋራዥ የሚሸጠው የመዳብ ሮንዴላ ቀዳዳው ይሰፋል፤ አይሆንህም።

ጋሽ_መላጊያ

ይህቺ ልጅ ሙያዋ ከእጇ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። መዳብ ካስገባህ አጠገቡ ተራ ብረት አታስገባ። የውስጥ አጥንቱን በብረት ሚስማር፣ ጎኑን በመዳብ ብለህ እንዳትቀላቅል። ብረቱ ነው የሚበላው።

ከሙስካት

ጋሼ ያሉት ነገር ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1761 እንግሊዞች "አላርም" የተባለች የጦር መርከባቸውን ሆድ በመዳብ ለበጡት። ትል እንዳይበላት፣ የባህር አረም እንዳይጣበቅባት ነበር ሐሳቡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲፈትሹ መዳቡ ደህና ነው። መዳቡን የነኩት የብረት ሚስማሮች ግን ተበልተው አልቀዋል። አንዳንድ ቦታ በመሃላቸው የመጠቅለያ ወረቀት ቀርቶ ስለነበር እዚያ ያለው ብረት ተርፏል። ሁለት የተለያየ ብረት ጨው ውሃ ውስጥ ሲነካካ እንደ ባትሪ ነው የሚሆነው። ጣና ላይ ጨው ስለሌለ ይዘገያል እንጂ አይቀርም።

ቢጫውን የናስ ቪቴም ተጠንቀቅ። ናስ ውስጥ ዚንክ አለ። ባህር ውስጥ ዚንኩ ይወጣና ቀላ ያለ ስፖንጅ የመሰለ መዳብ ብቻ ይቀራል። በጣት ይሰበራል። ለጀልባ የሚሆነው ብሮንዝ ነው። ሲሊከን ብሮንዝ የሚሉት 96 በመቶ ገደማ መዳብ ነው፤ ቀሪው በብዛት ሲሊከን ነው።

እኔ ኦማን ነው የምሠራው። ሱር የምትባል የወደብ ከተማ አለች፤ ዳው የሚባለውን የዓረቦች የእንጨት መርከብ የሚሠሩባት። አሁን ረጅም የብረት ሚስማር ይጠቀማሉ። የሚስማሩን አንገት በዘይት በራሰ ጥጥ ጠቅልለው ነው የሚመቱት፣ ውሃ እንዳይገባ። ድሮ ግን ሚስማር የሚባል አልነበረም። ጣውላውን ከዳር እስከ ዳር በኮኮናት ቃጫ ገመድ ይሰፉት ነበር፣ ልክ እንደ ሰፌድ። እ.ኤ.አ. በ2010 "የሙስካት ዕንቁ" የተባለች 18 ሜትር መርከብ በዚያው የድሮ አሠራር ተሰፍታ፣ ያለ አንድ ሚስማር ከዚህ እስከ ሲንጋፖር ደርሳለች።

እና ይህ የእኛም ነው። የቢዛንታይኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ በንጉሥ ካሌብ ዘመን ስለ ቀይ ባህርና ሕንድ መርከቦች ሲጽፍ በሚስማር አይያያዙም፣ በገመድ ነው የሚታሰሩት ብሏል። ምክንያቱንም ይነግረናል። ሕንዶችና ኢትዮጵያውያን ብረት ስለሌላቸው ነው፤ ሮማውያንም እንዳይሸጡላቸው በሕግ ተከልክለዋል ይላል።

ደንገል_አሳሪ

እዚህ ላይ አልስማማም። አክሱም ብረት አጥታ? በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የቀይ ባህር የነጋዴዎች መመሪያ አዱሊስ ወደብ ብረት ይገባ እንደነበር ይናገራል፤ ለጦር ይሠሩበታል፣ ዝሆን ያድኑበታል ይላል። የአክሱም ቁፋሮም የብረት መሣሪያ አውጥቷል። ሰውየው የመከልከሉን ሕግ አውቆ ይሆናል፤ መርከቡ ለምን እንደተሰፋ ግን የገባው አይመስለኝም።

የተሰፋ ጀልባ ይለመጣል። አሸዋ ላይ ሲጎተት፣ ማዕበል ሲያንገጫግጨው አይሰበርም። ያንን ባህር ዳርቻ የሚያውቅ አናጢ ብረት ቢሰጡትም በገመድ የሚሰፋው ይመስለኛል።

ከሙስካት

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ተቀብያለሁ።

ደንገል_አሳሪ

ጣና_ዳር፣ አንተ ደግሞ ደጅህ ላይ ያለውን ትተህ ሲያትል ትዞራለህ 😀 ታንኳ ሚስማር አለው? ኮላ አለው? ደንገሉ በገመድ ነው የሚታሰረው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ያኔ ገመዱ ይብስ ይጠብቃል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ያሉት ታንኳ አይተው ሳይሆን አይቀርም።

አንዲት ገመድ ምን ያህል እንደምትሠራ ማወቅ ከፈለግህ የቶር ሄየርዳልን ነገር ስማ። ኖርዌያዊው አሳሽ እ.ኤ.አ. በ1969 "ራ" ብሎ የሠራት የደንገል ጀልባ ደንገሏ ከጣና ተቆርጦ የሄደ ነው። ያሰሯት ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሰዎች ነበሩ። በጥንት የግብፅ ሥዕሎች ላይ ከተቆለመመው የኋላ ጅራት ወደ ጀልባው ወለል የተወጠረ ገመድ ይታያል። ጅራቱን ለማስጌጥ የቆለመሙት መስሏቸው ያንን ገመድ አነሱት። አትላንቲክ ላይ የኋላው ክፍል ረግቦ ውሃ ውስጥ ገባ። ካሪቢያን ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ጥለዋት ወጡ። በሚቀጥለው ዓመት ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ አሳሪዎች "ራ 2"ን ሠሩ። በ57 ቀን ከሞሮኮ ባርባዶስ ገባች።

ጥብርያዶስ

ከዚህ ከገሊላ ባሕር ዳር ሰላም እላችኋለሁ። የጥንቱን ወሬ ካነሳችሁ እኔም አንድ ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1986 ድርቅ ነበር። ሐይቁ ሲሸሽ ሁለት ዓሣ አጥማጅ ወንድማማቾች ጭቃ ውስጥ የጀልባ ቅርጽ አዩ። በ12 ቀን ተቆፍሮ ወጣ። ርዝመቱ 8 ሜትር ከ20 ገደማ ነው። የ2000 ዓመት ዕድሜ አለው። ጊኖሳር ሙዚየም ውስጥ ነው፤ ልጆቼን ወስጄ አሳይቻለሁ።

አያያዙ ነው የገረመኝ። የሁለቱም ጣውላ ጠርዝ ላይ ጉድጓድ ይፈለፈላል። መሃላቸው የእንጨት ምላስ ይገባል። ከዚያ ምላሱ እንዳይወጣ በእንጨት ችንካር ይመታል። የብረት ሚስማሩ አጥንቱን ለመያዝ ብቻ ነው። የእንጨቱ ዓይነት ደግሞ ከ10 በላይ ነው። ባለቤቱ ድሃ ነበር መሰል፤ አንዱ ሲበሰብስ ያገኘውን እየለጠፈ ነው የኖረው።

ጋሽ_መላጊያ

ችንካር ካልክ ወይራ ነው። አጥብቀህ አድርቀው። የደረቀ ችንካር እርጥበት ያለው እንጨት ውስጥ ሲገባ ያብጥና አብሮት ይኖራል። ልጁ ግን በምላስና በጉድጓድ ከጀመረ ልጆቹ ናቸው የሚጨርሱለት።

ኮምፔንሳቶ_ነኝ

ይቅርታ፣ ሁላችሁም ሙዚየም ውስጥ ናችሁ። ወንድማችን ጀልባ ነው የፈለገው። ኮምፔንሳቶ ይግዛ፣ ይስፋው፣ ይለጥፈው፣ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1963 እንግሊዝ ውስጥ "ሚረር" የምትባል ጀልባ የወጣችው እንዲህ ነው። ተራ ሰው ቤቱ ውስጥ እንዲሠራት ተብላ። ኮምፔንሳቶው በመዳብ ሽቦ ይሰፋል፣ መገጣጠሚያው በፋይበርግላስ ጨርቅና በሙጫ ይሸፈናል።

በእኛ አገር እንዲህ ነው የምሠራው። ባለ 6 ሚሊ ኮምፔንሳቶ በቅርጹ እቆርጣለሁ። ጠርዙ ላይ በየ10 ሳንቲው እበሳለሁ። በቀጭን ሽቦ ወይም በፕላስቲክ ማሰሪያ አሰፋዋለሁ። ጀልባው በአንድ ከሰዓት ቅርጹን ይይዛል፤ ደስ ሲል! ከዚያ ኢፖክሲን፣ ማለትም ከማጠንከሪያው ጋር የሚበጠበጠውን ሙጫ፣ በደቃቅ ሰጋቱራ አወፍርና ከውስጥ ማዕዘኑን በማንኪያ ጀርባ እሞላዋለሁ። ሲደርቅ ሽቦውን አወጣለሁ። እምቢ ካለ በካውያ አሞቀዋለሁ፣ ይለቃል። በላዩ የፋይበርግላስ ጨርቅ። አበቃ።

የሲያትሏ

ይሠራል፤ እኔም አልቃወምም። ግን "አበቃ" ያልከው ውስጥ ብዙ ነገር ተደብቋል። ኮምፔንሳቶው ራሱ በምን ኮላ ነው የተጣበቀው? አንድ ቁራጭ ወስደህ ድስት ውስጥ ለጥቂት ሰዓት ቀቅለው። ከተፈለቀቀ ለቁም ሳጥን ጀርባ ነው የሚሆነው። ደግሞ ኢፖክሲ ፀሐይ ይጎዳዋል፤ ቀለም ካልተቀባ ጊዜ ጠብቆ ይሰባበራል። በባዶ እጅም አትንኩት። አብራኝ የተማረች ልጅ እጇ ሽፍ ብሎ ከዚያ ወዲህ ሽታውንም አትችልም።

ኮምፔንሳቶ_ነኝ

ስለ ጓንቱ እውነትሽን ነው፤ እኔም ተቀጥቻለሁ። ሌላም ልጨምር፦ ባህር ዳር ሙቀት ነው፤ ኢፖክሲ በትልቅ ኩባያ አትበጥብጡ። እርስ በርሱ እየሞቀ ይጨሳል፣ በ10 ደቂቃ ድንጋይ ይሆናል። በጥቂት በጥቂቱ፣ ሰፊ ሳህን ላይ ዘርግታችሁ ሥሩ። መጠኑን በዓይን አትገምቱ፤ በሚዛን።

ጋሽ_መላጊያ

ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ከውጭ የመጣ ጨርቅ፣ ከውጭ የመጣ ሙጫ፣ ከውጭ የመጣ ጓንት። ጫካ ሙሉ እንጨት እያለ።

ኮምፔንሳቶ_ነኝ

ጋሼ፣ መዳቡስ ከየት ነው የመጣው? 😄

ጋሽ_መላጊያ

😄 ያዝከኝ። ግን መዳቡ ከኬብል ቁራጭ ይወጣል። ሙጫው ካለቀ ግን ሥራው ቆመ። እንጨቱን ልንገርህ ልጄ፤ ባህር ዛፉን ለማገዶ ተወው። ጠንካራው ባህር ዛፍ ኢፖክሲም በደንብ አይዘውም። ዋንዛ የሚያህል የለም፤ ቀላል ነው፣ አይጠማዘዝም። ግን እንደልብ የሚቆረጥ ዛፍ አይደለም። የፈረንጅ ጥድ ግዛ። ተተክሎ የሚቆረጥ ነው። ቀላል ነው፣ ቀጥ ያለ ቃጫ አለው፣ ሽታውም ጥሩ ነው። ጉጥ የበዛበትን መልስ። ቢያንስ ሦስት ወር ጥላ ውስጥ፣ በመሃሉ ልባጭ እያስገባህ ደርድረህ አድርቀው።

ጣና_ዳር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሥራ ስለበዛብኝ ነው የጠፋሁት። የፈረንጅ ጥዱን ገዝቼ አራት ወር ተኩል አደረቅኩት። ከዚያ ከመጀመሬ በፊት ትንሽ ሙከራ ሠራሁ።

ከአንዱ ጣውላ 30 ሳንቲ ቁራጮች ቆርጬ ጥንድ ጥንድ አድርጌ ደረብኳቸው። አንዱን ጥንድ ጋሼ እንዳሉት በተነከረ ሚስማር፣ ቃጫውን አቋርጦ በሚታጠፍ። አንዱን በ6 ካሬው የመዳብ ሽቦና በራሴ ሮንዴላ። አንዱን በኢፖክሲ ብቻ። አንዱን ደግሞ ለቅጣት ያህል በድሮው ዘዴዬ፣ ሳልበሳ በተራ ሚስማር። በርሜል ውስጥ ከድንጋይ ጋር ከተትኳቸው። ሳምንት ውሃ ውስጥ፣ ሳምንት ፀሐይ ላይ። እንዲህ አድርጌ ሁለት ወር።

የድሮው ዘዴዬ በሁለተኛው ሳምንት ተሰነጠቀ፤ ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። ኢፖክሲው ንቅንቅ አላለም። የተነከረው ሚስማር ሲደርቅ ትንሽ ይላላል፣ ውሃ ሲገባ ይመለሳል። መዳቡ ላይ ካስገባኋቸው አምስት ሪቬቶች ሦስቱ እንደ ቆሙ ናቸው። ሁለቱ ላሉ። ሰንጥቄ ሳያቸው ሽቦው እንጨቱ ውስጥ ተጣሟል። የሲያትሏ እንዳለችው፣ እንደ ተኛ እባብ! የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ነበሩ፤ በኃይል የመታኋቸው።

ስለዚህ ጎኗ ተደራራቢ ጣውላ፣ በመዳብ ሪቬት ይሆናል። አጥንቷም በመዳብ። 3 ሜትር ከ60 የሚረዝም ቀጥ ያለ ጣውላ ስላላገኘሁ ግን ሁለት ሁለት እቀጥላለሁ። እዚያ ላይ ብቻ ኢፖክሲ እገባለሁ፤ ጋሼ ይቅር ይበሉኝ። የሚቀጠሉትን ጫፎች በተዳፋት ልጄ ነው የማነባብራቸው፤ የተዳፋቱን ርዝመት ስንት ላድርገው?

የሲያትሏ

የጣውላውን ውፍረት ስምንት ጊዜ። በ12 ሚሊህ ላይ 96 ነው፤ 10 ሳንቲ በለው። ቅጥሎቹ ከላይና ከታች ባሉት ጣውላዎች ላይ ትይዩ እንዳይሆኑ አዛንፋቸው። ስትጨርሳት ደግሞ ወዲያው አትቅዘፍባት። ሁለት ቀን ዳር ላይ አስረህ ውሃ ትጠጣ። መጀመሪያ ታፈሳለች፤ አትደንግጥ። እንጨቱ ሲያብጥ ራሷ ትዘጋለች።

ጋሽ_መላጊያ

ይቅር ብያለሁ። ከባዱን ብረት ከውጭ ማን ይይዝልሃል? ለብቻህ አይሆንም ይሄ ሥራ።

ጣና_ዳር

ባለቤቴ። ትናንት አንድ ረድፍ አብረን ጨረስን፣ 24 ሪቬት። ከ20ኛው በኋላ "ቀስ በል፣ እየታጠፈ ነው" ማለት ጀመረች። ብረቱ እጇ ላይ ሲነዝር ታውቀዋለች። እኔ ከውስጥ ሆኜ አይታወቀኝም።

የሲያትሏ

እንግዲያው መዶሻውን ለእሷ ስጣትና አንተ ያዝ።